የአራን ደሴቶች ሹራብና የንድፉ ባለቤቶች

ከክር ቀለበት የሚሠሩ ልብሶችና ጌጦች በአማርኛ የሚጠሩባቸው ስሞች ከሦስት የተለያዩ አገሮች የመጡ ናቸው። «ሹራብ» የምንለው ቃል ከዓረብኛ የተገኘ ነው፤ በግብፅና በሱዳን ሕዝብ አነጋገር ቃሉ የእግርን ልብስ እንጂ የደረትን ልብስ አያመለክትም፤ በእኛም ዘንድ «የእግር ሹራብ» መባሉ የቀድሞውን ትርጉም ያስታውሰናል። «ካልሲ» ከኢጣልያንኛ ተወሰደ፤ «ዳንቴል»ና «ኪሮሽ» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ምንም ሌላ ማስረጃ ባይገኝ እንኳ፣ ይህ የእጅ ሥራ ወደ ቤታችን በአንድ በር ብቻ እንዳልገባ ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

የስምን ምስክርነት በመጀመሪያ ያነሣሁት፣ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው እንዲህ ያለው ቀላል ምስክርነት ለብዙ ዘመን ሳይጠየቅ ስለ ቀረበት ስለ አንድ ሹራብ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በጎልዌ የባሕር ወሽመጥ አፍ ላይ፣ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ይገኛሉ። ስማቸው ኢኒሽ ሞር፣ ኢኒሽ ማንና ኢኒሽ ኢር ሲሆን፣ በአንድነት የአራን ደሴቶች ይባላሉ። ምድራቸው የኖራ ድንጋይ በመሆኑ፣ ነዋሪዎቹ አሸዋና የባሕር አረም በድንጋዩ ላይ እየደለደሉ የሚዘሩበትን አፈር በብዙ ስፍራ ራሳቸው የፈጠሩ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው የአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። እነዚህ ደሴቶች በዓለም የታወቁበት ሹራብ ቀለም ካልነካው ነጭ የበግ ጠጕር የሚሠራ፣ ወፍራምና ከባድ ልብስ ሲሆን፣ ደረቱና እጅጌው ላይ እንደ ሴት ሽሩባ የተጐነጐኑ፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦሩ፣ በሰያፍ መስመር የተከፋፈሉ ረጃጅም ዐምዶች ከላይ እስከ ታች ይወርዱበታል።

ስለዚህ ሹራብ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ የሚል ነው። አንደኛ፣ ንድፉ ከጥንታውያን የአየርላንድ መነኮሳት ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው፤ የኬልስ መጽሐፍ በሚባለው የወንጌል ብራና ላይ ከተሣሉት ሰዎች አንዱ ይህን ልብስ ለብሶ ይታያል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱ ንድፍ አለው፤ ዓሣ አጥማጅ በባሕር ሰጥሞ አስከሬኑ ከብዙ ቀን በኋላ በሌላ ዳርቻ ሲገኝ፣ የማን ቤት ልጅ እንደ ሆነ የሚታወቀው በሹራቡ ነው። ሦስተኛ፣ ጕንጕኑ የጀልባ ገመድ፣ የማር እንጀራው የንብ ትጋት፣ ሰያፉ አራት ማዕዘን የእርሻ መደብ፣ የተጠማዘዘው መስመር የትዳር ውጣ ውረድ ምልክት ነው። ዛሬም በአየርላንድ ሱቆች ገዢው የቤተ ሰቡን ስም ነግሮ «የጐሣውን» ሹራብ ሊገዛ ይችላል።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ጕድለቱ እውነት አለመሆኑ ብቻ ነው። ይህን ስል ደስታን ለማፍረስ አይደለም። ተረቱ ለደሴቲቱ ሴቶች ክብር የሚሰጥ መስሎ፣ የፈጠሩትን ሥራ ከእጃቸው ወስዶ በመነኮሳትና በጐሣ አባቶች ስም ያስመዘገበ በመሆኑ ነው ጕዳዩ የባህል ጥናትን የሚመለከተው።

አስቀድሞ ስለ ሥራው ዕድሜ እንመልከት። በሽመና ድርና ማግ ይጠላለፋሉ፤ በሹራብ ሥራ ግን አንድ ክር ብቻ በራሱ ቀለበት ውስጥ እየገባ ሌላ ቀለበት ይወልዳል። በሹራብ መርፌ ሲሠራ የረድፉ ቀለበቶች ሁሉ በመርፌው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ በኪሮሽ ሲሠራ ግን አንዱ ቀለበት ካለቀ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚታለፈው። ከእነዚህ ሁለቱ የሚቀድም ሌላ ዘዴም ነበረ። በግብፅ፣ በኦክሲሪንኩስ ከተገኙት መካከል፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተሠሩ፣ ለነጠላ ጫማ እንዲያመቹ ጣታቸው ሁለት ቦታ የተከፈለ የእግር ልብሶች በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛሉ። እነዚህ ለሚያያቸው ሹራብ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዐይን ባለው በአንድ መርፌ፣ አጫጭር ክር እየተቀጠለ የተሰፉ ናቸው። በእውነተኛው የሹራብ ዘዴ ተሠርተው ከተረፉት ጥንታውያን ዕቃዎች ዋነኞቹ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ በግብፅ የተሠሩ፣ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ክር የተቀላቀለባቸው የእግር ልብሶችና ቍርጥራጮች ናቸው። በአውሮፓ በኩል ደግሞ በእስፓንያ፣ በቡርጎስ ከተማ አጠገብ ባለው በላስ ዌልጋስ ገዳም፣ በ1275 በሞተው በልዑል ፈርናንዶ ደ ላ ሴርዳ መቃብር ውስጥ በሐር የተሠራ የትራስ ልብስ ተገኝቷል፤ የሙስሊም ባለ እጆች ሥራ እንደ ሆነ ይገመታል።

የኬልስ መጽሐፍ የተጻፈው በ800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ በዚህ የላስ ዌልጋስ ሥራ ሲመዘን ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ይቀድመዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ የአራን ሹራብ ያለ ግልባጩ ቀለበት ሊሠራ አይችልም፤ ጕንጕኑ ከፍ ብሎ የሚታየው በስተ ጀርባው ያለው መደብ በግልባጭ ሲሠራ ነውና። ይህ ግልባጭ በግልጽ ከሚታይባቸው የጥንት ሥራዎች ቀዳሚው፣ በ1562 በሞተችው በፍሎሬንስ መስፍን ሚስት በኤሌኦኖራ ዘቶሌዶ እግር ላይ የተገኘው የሐር ካልሲ ነው። በብራናው ላይ የተሣለው ሰው የለበሰው ሣዓሊው በመስመር ያስጌጠው ቀሚስ ነው እንጂ ሹራብ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ሹራቡ ወደ አራን እንዴት ደረሰ? እዚህ ላይ የስም ምስክርነት ይረዳናል። በደሴቶቹ ቋንቋ ሹራብ «ጋንሲ» ይባላል። ይህም በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ከምትገኘው ከገርንዚ ደሴት ስም የተወሰደ ነው፤ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ዳርቻዎች ዓሣ አጥማጆች ለሚለብሱት ጥቍር ሰማያዊ ሹራብ የተሰጠው ስምም ከዚያው የወጣ ነው። የጥንት መነኮሳት ልብስ ቢሆን ኖሮ፣ የራሱ የሆነ የአየርላንድ ስም ባላጣ ነበር።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1891 የምዕራብ አየርላንድን ድኻ አውራጃዎች የሚረዳ ቦርድ አቋቋመ። ይህ ቦርድ በአራን የዓሣ ማጥመድን ሥራ ሲያስፋፋ፣ ጀልባዎችና ዓሣ አጥማጆች ከሌሎች ዳርቻዎች መጡ፤ ከእነርሱም ጋር ሰማያዊው ጋንሲ መጣ። ለዚህ ዘመን የዐይን ምስክር አለን። ደራሲው ጆን ሚሊንግተን ሲንግ ከ1898 እስከ 1902 ድረስ በየዓመቱ ወደ ደሴቶቹ እየተመላለሱ ቆይተው፣ ያዩትን በ1907 በታተመ መጽሐፍ አስፍረዋል፤ ፎቶግራፎችም አንሥተዋል። የሰውን አለባበስ ሲገልጹ የተፈጥሮ ቀለም ያለውን የበግ ጠጕር፣ ሰማያዊውንና ግራጫውን ሱፍ ይጠቅሳሉ፤ በኢኒሽ ሞር ብዙ ወጣቶች የተለመደውን የዓሣ አጥማጅ ሹራብ መልበስ እንደ ጀመሩ፣ በኢኒሽ ማን ግን አንድ ብቻ እንዳዩ ጽፈዋል። ጕንጕን ያለበትን ነጭ ሹራብ ግን አንድም ቦታ አያነሡም። እያንዳንዱን የልብስ ቀለም የሚመዘግብ ሰው፣ በሺህ ዓመት ዕድሜ የከበረ ልብስ በየሰዉ ደረት ላይ ቢያይ ኖሮ ዝም ይላል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ የአራን ሴቶች ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት አሥርተ ዓመታት ያደረጉትን ማየት ተገቢ ነው። የባሕር ዳርቻው ጋንሲ በቀጭንና በጠንካራ ክር፣ በአምስት ያህል የብረት መርፌዎች ዙሪያውን ያለ ስፌት ይሠራ ነበር፤ ጌጡም በአብዛኛው ከደረቱ በላይ በቀጥታና በግልባጭ ቀለበቶች መፈራረቅ የሚገኝ ቍጥብ ጌጥ ነው። የአራን ሴቶች ሰማያዊውን ቀለም ትተው ነጩን ወሰዱ፤ ክሩን አወፈሩት፤ ብዙውን ጊዜ ደረቱን፣ ጀርባውንና እጅጌውን ለየብቻ ሠርተው በስፌት አጋጠሙት፤ ጌጡንም ከደረት አውርደው ልብሱን ሁሉ እንዲሸፍን አደረጉት። ቀለበቶችን እርስ በርስ እያሻገሩ ጕንጕን ማውጣት በጋንሲ ላይ በጥቂቱ የነበረ ዘዴ ሲሆን፣ በእነርሱ እጅ የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ። ነጩ ሹራብ መጀመሪያ ለባሕር ሥራ ሳይሆን፣ ልጆች ለመጀመሪያ ቍርባን ሲቀርቡ የሚለብሱት የክት ልብስ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ይህም ስለ ጌጡ ብዛት ከማናቸውም ተረት የተሻለ ምክንያት ይሰጠናል። ለክት ልብስ እናቶች ይፎካከራሉ፤ ከፉክክርም አዲስ ንድፍ ይወለዳል።

የጽሑፍ መመሪያ አልነበራቸውም። አንዲቱ የሌላይቱን ሥራ አይታ፣ ቀለበቱን ቈጥራ፣ መካከለኛውን ዐምድ ከዚህ፣ የዳሩን ከዚያ ወስዳ፣ የጐደለውን ከራሷ ትጨምራለች። ስለ አራን ሹራብ በ1997 ሰፊ መጽሐፍ ያሳተሙት ስኮትላንዳዊቷ አሊስ ስታርሞር፣ በደብሊን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ያሉትን ልብሶች ቀለበት በቀለበት መርምረው፣ ንድፉ የተወለደው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንደ ሆነ ደርሰውበታል። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ የደሴቲቱ ሴቶች በዚያ ከሌሎች አገሮች ስደተኞች አዲስ ዘዴ ተምረው ሊሆን እንደሚችልም ያስረዳሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ግምት የሚያስደንቅ አይደለም፤ በባቫርያና በአውስትርያ ተራሮች የሚሠራው ተሻጋሪ ቀለበት የአራንን ሥራ በጣም ይመስላል፤ የሁለቱም ሰዎች በቦስተን ወይም በኒው ዮርክ ጐረቤት ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ተረቱ የተወለደበትን ዘመን ደግሞ እናውቀዋለን ማለት ይቻላል። በ1930 ሙርየል ጋሀን የተባሉት ወይዘሪት የገጠር ሴቶች የእጅ ሥራ በደብሊን ገበያ እንዲያገኝ ሱቅ ከፈቱ፤ የአራንም ሹራብ እዚያ ይሸጥ ጀመር። በ1936 በኦክስፎርድ የክርና የንድፍ ነጋዴ የነበሩት፣ ትውልዳቸው ከጀርመን የሆነው ሃይንዝ ኤድጋር ኪቬ በደብሊን አንድ ነጭ ሹራብ ገዙ። ልብሱን ለታወቁት የሹራብ ጸሐፊ ለሜሪ ቶማስ አሳዩአቸው፤ እርሳቸውም በ1943 ባሳተሙት የንድፍ መጽሐፍ ፎቶግራፉን አወጡት። ኪቬ ደረትና ጀርባ ላይ የሚታየውን ጕንጕን በኬልስ መጽሐፍ ከሚታየው የጌጥ ጕንጕን ጋር አመሳስለው፣ የመነኮሳት ቅርስ ነው የሚለውን አሳብ ለብዙ ዓመት ሲናገሩ ቈይተው፣ በ1967 የሹራብን «ቅዱስ ታሪክ» የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ። ሰውየው አታላይ ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ የሚያምኑትን የጻፉ ይመስለኛል። ነገር ግን ክርና ንድፍ ሻጭ በመሆናቸው፣ እምነታቸው ከንግዳቸው ጋር መስማማቱን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የዘመኑም መንፈስ ለዚህ የተመቸ ነበር። በ1934 አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ ስለ አራን ሰዎች ባወጡት ፊልም ደሴተኞቹ ግዙፉን ዓሣ በጦር ሲወጉ ይታያሉ፤ ሥራው ግን ከቀረ ከአምሳ ዓመት በላይ ስለ ሆነው፣ ለፊልሙ ሲባል እንደ ገና እንዲማሩት ግድ ሆኗል። ከከተማ የሚመጣው ሰው ጥንታዊውን ፈልጎ ይመጣል፤ ሲያጣው ያሠራዋል። በስኮትላንድም የጐሣ መለያ የሚባለው ባለ መስመር ጨርቅ በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዓመት እንደ ተደለደለ የታሪክ ሊቁ ሂዩ ትሬቨር ሮፐር በ1983 በወጣው ጽሑፋቸው አሳይተዋል። የአራን «የጐሣ ሹራብ» የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

በ1961 ክላንሲ የተባሉት ወንድማማች ዘፋኞች ከጓደኛቸው ቶሚ ሜከም ጋር ነጩን ሹራብ ለብሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን በታዩ ጊዜ ተፈላጊነቱ እጅግ ጨመረ። የንድፉ መመሪያ በየቤቱ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲከተለው በወረቀት ታትሞ ተሸጠ። በወረቀቱ ላይ የክር ፋብሪካው ስም አለ፤ የቀለበቱ ቍጥር አለ፤ «ጥንታዊ» የሚል ቃልም አይጠፋም፤ ንድፉን የፈጠረችው ሴት ስም ግን የለም። ሊኖርም አይችልም፤ የሺህ ዓመት ቅርስ ነው ከተባለ ፈጣሪዋ በሕይወት ያለች ጐረቤት ልትሆን አትችልምና። ለሠሪይቱም በሹራብ ቍጥር ይከፈላት ነበር እንጂ ስለ ንድፏ የሚከፈላት አልነበረም።

በዚያው በአየርላንድ ከዚህ በፊት የሆነውን ማስተያየት ይጠቅማል። በ1845 የጀመረው ታላቅ ረኃብ በተነሣ ጊዜ፣ በኮርክ አጠገብ የኡርሱላውያን ደናግል፣ በክሎንስ ደግሞ የቄሱ ሚስት ካሳንድራ ሃንድ ድኻ ሴቶች በኪሮሽ ዳንቴል እንጀራቸውን እንዲያገኙ አስተማሩ። በዚያ ሥራ አንዲቱ ጽጌ ረዳ፣ ሌላይቱ ቅጠል ወይም የወይን ዘለላ ለብቻው ትሠራለች፤ ሦስተኛይቱ በክር መረብ ታገጣጥመዋለች። የጥንት ቅርስ ነው ያለ ማንም የለም፤ የሥራው መነሻ ረኃብ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና። ሆኖም በዚህም ቢሆን በመጽሐፍ ላይ ስማቸው የታተመው በለንደን የንድፍ መጻሕፍት የሚያሳትሙት ማድሟዜል ሪየጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር ናቸው፤ አበባውን በየጐጆው የፈለሰፉት ሴቶች ስማቸው አልተረፈም። እንግዲህ ተረት ባይኖርም ስም ሊጠፋ ይችላል፤ ተረት ሲኖር ግን መፈለጉም ይቀራል።

የኪቬን ታሪክ በጽኑ ማስረጃ ያፈረሱት የሌስተር ጳጳስ የነበሩት ሪቻርድ ራት ናቸው። ራሳቸው ሹራብ የሚሠሩ፣ ቀድሞም በኮርያ ለብዙ ዓመት የኖሩ ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1987 ባሳተሙት የእጅ ሹራብ ታሪክ ከሌሎች ጸሐፊዎች የሚለዩት ቃልን ከመስማት አልፈው ቀለበቱን ማንበብ በመቻላቸው ነው። ግላዲስ ቶምሰን የተባሉት እንግሊዛዊትም አስቀድመው በ1955 የባሕር ዳርቻዎችን የጋንሲ ንድፎች ባሳተሙ ጊዜ፣ የሠሩትን ሴቶች ፈልገው እያነጋገሩ፣ ከለበሱትም ላይ እየቈጠሩ ነበር የሰበሰቡት።

በአገራችንም በሬድዮና በቴሌቪዥን ላይ፣ በወንበር ክንድና በአልጋ ራስ የተነጠፈውን ዳንቴል ስንቶቻችን አስተውለን አይተነዋል? ከውጭ የመጣ የትምህርት ቤት ሥራ ነው ብሎ የሚንቀው አለ፤ ነገ ደግሞ ከመስቀል ጌጥ ጋር አመሳስሎ የጥንት ምሥጢር የሚያደርገው ይነሣ ይሆናል። ሁለቱም ባለ ሥራዋን አይጠይቁም። ሴቲቱ ንድፉን ያገኘችው ከጐረቤት ጨርቅ ላይ ቈጥራ እንደ ሆነ፣ ጠርዙን ግን ከራሷ እንደ ጨመረች ሊነግረን የሚችል ሌላ ማንም የለም፤ ሠሪዎቹም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

በሰጠመው ሰው ሹራብ ወደ ተነገረው ተረት ልመለስ። ምንጩ ሲንግ የጻፉት፣ በ1904 በደብሊን መጀመሪያ የታየው የባሕር ሰዎች ተውኔት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። በተውኔቱ ውስጥ ሁለት እኅትማማች በሩቅ ዳርቻ ከተገኘ አስከሬን ላይ የተወሰደ ሸሚዝና የእግር ሹራብ ይቀርብላቸዋል። ሸሚዙን ከወንድማቸው ልብስ ጋር ያስተያያሉ፤ ጨርቁ አንድ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጨርቅ በጎልዌ ሱቆች የሞላ ስለ ሆነ የማንም ሊሆን ይችላል። የእግር ሹራቡም ጌጥ የሌለበት ተራ ሥራ ነው፤ የቤተ ሰብም የጐሣም ምልክት የለበትም። ታናሺቱ ኖራ ግን ቀለበቱን ቈጠረች፤ ስድሳ ጀምራ አራቱን እንደ ጣለች ታስታውሳለችና፣ የወንድሟ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች።